ካርድ ክፍል ልገባ ነው፣ ውስጡን የምታውቁ ንገሩኝ

የቀበና ልጅ፦

ሰላም ናችሁ ወገኖቼ። በማኔጅመንት ተመርቄ ቤት ከተቀመጥኩ ቆይቻለሁ፣ ሲቪ ያላስገባሁበት ቦታ የለም፣ በመጨረሻ አንድ የመንግሥት ጤና ጣቢያ ለካርድ ክፍል ሰው ይፈልጋል የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎ አየሁና ተወዳደርኩ፣ ፈተናውንም ኢንተርቪውንም አለፍኩ ተመስገን። በቅርቡ እጀምራለሁ። ችግሬ ምን መሰላችሁ፣ ስለ ሥራው የማውቀው በመስኮት በኩል ያየሁትን ብቻ ነው፣ ማለት ተሰልፋችሁ ስም ትናገራላችሁ ከዛ አንዷ ከውስጥ "አሮጌ ነው አዲስ?" ትላለች፣ በቃ። አንዷ ጓደኛዬ "ፎልደር ለማቀበል ነው እንዴ ዲግሪ የያዝሽው" ብላ ሞራሌን ገደለችው፣ እናቴ ደግሞ ጤና ጣቢያ ሰው አገኘን ብላ ከአሁኑ ለጎረቤቱ ሁሉ አውርታለች ኪኪኪ። እና የምትሠሩበት ወይ የሠራችሁበት ካላችሁ፣ ቀኑን ሙሉ ምንድነው የሚሠራው፣ ሰዉ እንደሚባለው ያስቸግራል ወይ፣ ደሞ ከዛ ወደ ሌላ መደብ መውጣት ይቻላል ወይስ እዛው ሼልፍ ስር ነው የማረጀው? እውነቱን ንገሩኝ፣ አታባብሉኝ።

የሼልፍ ጠባቂ፦

እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ። ጓደኛሽ ያለችውን ብዙ ሰው ስለሚለው አይክፋሽ፣ ግን ያቺ መስኮት ላይ የሰማሻት "አሮጌ ነው አዲስ?" የምትለዋ ናት ሥራው ማለት፣ ሌላው ሁሉ ከሷ ነው የሚመጣው። አዲስ ከሆነ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ኤምአርኤን ይባላል፣ ያ ቁጥር በዛ ጤና ጣቢያ ዕድሜ ልኩን አንድ ነው፣ ፎልደሩ ላይ ይጻፋል፣ ታካሚው በእጁ በሚይዛት ትንሽዬ ካርድ ላይ ይጻፋል፣ አንቺ ጋ በስም ተራ በምትቀመጠው ማውጫ ካርድ ላይም ይጻፋል (ኤምፒአይ ሲሉ ከሰማሽ እሷን ነው)። ፎልደሮቹ ሼልፍ ላይ የሚደረደሩት በቁጥር ነው እንጂ በስም አይደለም። ስለዚህ ሰውየው ትንሿን ካርድ ይዞ ከመጣ ፎልደሩን ወዲያው ትስቢያለሽ፣ ሳይዝ ከመጣ ግን መጀመሪያ ስሙን ማውጫው ላይ ፈልገሽ ቁጥሩን ማግኘት አለብሽ።

እና ሰው ካርዱን ይዞ አይመጣም። ወላሂ አይመጣም። ቤት ረሳሁት፣ ቦርሳዬን ተሰረቅኩ፣ ልጅ ቀደደው። ስሙን ፈልገሽ ስታጪ "በቃ አዲስ አውጪልኝ" ይልሻል፣ ከኋላ ያሉትም "አውጪለትና ይሂድ እባክሽ ሰው እየሞተ ነው" ይላሉ፣ እዛች ጋ ነው የምትፈተኚው። አዲስ ካወጣሽለት ያ ሰው ሁለት ሰው ሆነ ማለት ነው። አንዲት ነፍሰ ጡር ክትትሏን በአንዱ ፎልደር ስታደርግ ከርማ ምጥ ይዟት ስትመጣ ባሏ ተደናግጦ አዲስ ናት ቢል፣ የደም ዓይነቷ፣ የኤችአይቪ ምርመራዋ፣ ግፊቷ በየወሩ ስንት እንደነበረ የተጻፈው ሁሉ አሮጌው ውስጥ ነው፣ አዋላጇ ፊት የሚቀርበው ደግሞ ባዶ ፎልደር ነው። ማን ተጠያቂ እንደሚሆን ገምቺ። አሮጌውን ለማግኘት የምታጠፊያት ደቂቃ ለዛ ናት፣ ሰልፈኛው ይጩህ።

አሁን ስሙን መፈለግ ቀላል መስሎሽ ይሆናል። የኛ አገር ሰው የቤተሰብ ስም የለውም፣ ስም ከነአባት ከነአያት ነው፣ መሐመድ አህመድ ብቻ ብለሽ ከፈለግሽ ስንት እንደሚወጣልሽ ታዪዋለሽ፣ አያት ሳትጠይቂ አትለፊ፣ አያትም ተመሳስሎ ቀበሌና ስልክ የሚለየው አለ። ሌላው ፊደሉ ነው። ኃይሉን አንዷ በኃ ትጽፈዋለች አንዷ በሀ፣ ፀሐይ በፀም በጸም አለች፣ ዓለሙ በዐም በአም አለ፣ ከአንቺ በፊት የነበረችው በየትኛው እንደጻፈችው አታውቂም። ስትገቢ መጀመሪያ አብረውሽ የሚሠሩትን በየትኛው ፊደል ነው የምታስቀምጡት ብለሽ ጠይቂ፣ ሁሉም ሞክሼ ፊደል አንድ ቦታ እንዲሆን የተስማማ ቤት ካገኘሽ ታድለሻል። ደሞ የክርስትና ስሟን የምትነግርሽ እናት አለች፣ የቤት ስሙን የሚነግርሽ አለ፣ ካርዱ ላይ ግን የመታወቂያ ስሙ ነው ያለው። አልገኝ ሲልሽ "ሌላ የሚጠሩበት ስም አለ ወይ" በይ፣ ብዙ ጊዜ ይወጣል።

ዕድሜም እንደዛው ነው። ትልልቅ ሰዎችን ስትጠይቂ "አንቺው ገምቺ ልጄ" ይሉሻል፣ ሰው ሁሉ ስልሳ ብሎ ይጽፋል፣ ስልሳ ስልሳ ስልሳ። እኔ ጃንሆይ ሲወርዱ የት ነበሩ እላለሁ። አንዲት እናት "የመጀመሪያ ልጄን ታቅፌ ነበር" ካሉኝ 1967 ላይ ሃያ እንኳን ቢሆኑ ዛሬ ሰባን አልፈዋል። ለሐኪሙ ስልሳና ሰባ አንድ አይደለም።

ሌላ ደግሞ ትሬሰር የሚባል አለ፣ ፎልደር ከሼልፍ ስታወጪ በቦታው የምትተኪያት ወረቀት፣ የት ክፍል እንደሄደ ትጽፊባታለሽ። ሰኞ ጠዋት ወይ የበዓል ማግስት ሲጨናነቅ ሁሉም ይዘላታል። አንቺ አትዝለያት። ማታ ላይ ያልተመለሰውን ስትለቅሚ የት ልሂድ ብለሽ የምታውቂው በሷ ነው፣ ካለሷ በየክፍሉ መሳቢያ እየከፈትሽ ነው የምታመሺው። የጤና መድኑን ነገር እዛው ያሳዩሻል፣ ደብተሩ የዘንድሮ መታደሱን እና ስሙ ከነቤተሰቡ መኖሩን ማየት ነው ዋናው፣ ክትባት ወሊድ ቤተሰብ ምጣኔ ቲቢ ምናምን ነፃ ስለሆነ ካሸር ጋ ልከሽ እንዳታንከራቺያቸው።

ኦፒዲ ነኝ፦

ከላይ ያለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ ነርስ ነኝ፣ ከኛ በኩል ሆኜ ልጨምር። የላብራቶሪ ውጤት ወረቀት ብቻውን ተመልሶ እናንተ ጋ ሲመጣ እባካችሁ ፎልደሩ ውስጥ አስገቡት፣ የሆነ ካርቶን ውስጥ "በኋላ እናስገባዋለን" ተብሎ ይቀመጥና እኛ ሰውየውን እንደገና እንወጋዋለን። ፎልደር በታካሚ እጅ አትላኪ ደሞ፣ ራነር (ፎልደር አመላላሽ) ካለ በራነር፣ ከሌለ ራስሽ ወይ ጥበቃውን ለምኚ። ታካሚው ክፉ ስለሆነ አይደለም፣ ፋርማሲ ከጨረሰ በኋላ በፌስታል ጠቅልሎ ቤቱ ይዞት ይሄዳል፣ ንብረቴ ነው ብሎ ነው የሚያስበው፣ ከዛ በሚቀጥለው ሲመጣ እናንተ ሼልፍ ስታገላብጡ ትውላላችሁ እሱ ደሞ ፎልደሩን ሶፋ ስር አስቀምጦታል።

እና አንድ በጣም የሚያናድደኝ ነገር። መስኮት ላይ "ምንሽን ነው ያመመሽ?" ብለሽ ጮክ ብለሽ አትጠይቂ። የትሪያጅ (ታካሚውን መጀመሪያ አይቶ የሚለየው ክፍል) ሥራ ነው እሱ። አንዲት ልጅ መስታወቱ ላይ ተጠግታ በሹክሹክታ ስትናገር ካርድ ክፍሏ "ምን? አልሰማሁም ጮክ በይ!" ስትላት አይቻለሁ፣ ከኋላዋ ሰልፉ ላይ የሰፈሯ ሰው ሁሉ ነበር፣ ልጅቷ ቃል ሳትናገር ወጥታ ሄደች። ተመልሳ አልመጣችም። ሴትዮዋ የትኛው ክፍል እንደምትልካት ለማወቅ ብላ ነው የጠየቀቻት፣ ክፋት አልነበረውም፣ ግን ወረቀት ላይ ጽፈሽ ስጪኝ ብትላት ምን ነበረበት?

ድንገተኛ ደሞ ካርድ አይጠብቅም። ደም የሚፈሰው ሰው፣ የሚያንቀጠቅጠው ሕፃን ቀጥታ ይግባ፣ ካርዱን አስታማሚው በኋላ ያወጣል። ይሄ አዲስ ሠራተኛ ስለሚፈራ ነው የምነግርሽ፣ "ያለ ካርድ ለምን አሳለፍሽ" የሚልሽ የለም፣ ካለም እሱ ነው የተሳሳተው።

ተሰልፎ የሚውል፦

ይቅርታ አድርጉልኝና ሁላችሁም ስለራሳችሁ ነው የምታወሩት። እኔ አባቴን ስኳር ክትትል የማመላልስ ሰው ነኝ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተሰልፈን መስኮቱ 2፡30 ነው የሚከፈተው፣ ያውም ከተከፈተ፣ ከዛ በጓሮ በር ነጭ ጋወን የለበሰ ሁሉ ዘመዱን እያስገባ ከኛ በፊት ካርድ ያስወጣል። ሰልፍ ላይ ያለው ሰው ዓይን የለውም እንዴ? ሰዉ የሚጮኸው ለዚህ ነው። ካርድ አልተገኘም ተብሎ ደሞ "ከሰዓት ተመለሱ"፣ ሽማግሌ ሰው ስኳር ይዞ ሳይበላ እስከ ከሰዓት የት ይቆያል?

የሼልፍ ጠባቂ፦

@ተሰልፎ የሚውል ወንድሜ እውነትህን ነው፣ በጓሮ በር የሚገባው ነገር በብዙ ቦታ አለ፣ አልክድህም። የኛ ቤት አንዴ ካርድ ክፍሉ በር ላይ ከውስጥ መቀርቀሪያ አስገጥመን ነበር፣ ከዛ ዶክተሩም ካሸሯም በመስኮት እንደ ሰው ተሰልፈው ማየት ነው ሃሃ፣ ሁለት ወር እንኳን ሳይቆይ መቀርቀሪያውን አንድ ሰው ነቀለው። ግን የክትትል ሰው ከሆናችሁ አንድ ነገር ልንገርህ፣ ቀጠሮ ያለው ሰው ፎልደር ከዋዜማው ማታ ተስቦ ሊዘጋጅ ይችላል፣ የቀጠሮ መዝገቡ ክሊኒኩ ጋ ስላለ ነርሷ ዝርዝሩን ከሰጠችን ማለት ነው። የአባትህን ክሊኒክ ነርስ ጠይቃት፣ ዝርዝር ወደ ካርድ ክፍል ይሄዳል ወይ ብለህ። ካልሄደ የሰልፉ ግማሽ ምክንያት እሱ ነው።

@የቀበና ልጅ፣ ለአንቺም ነው ይሄ። አረጋዊ፣ ነፍሰ ጡር፣ አካል ጉዳተኛ፣ ሕፃን የታቀፈ ይቅደም፣ ለሁሉም ፊት በግልጽ አስቀድሚያቸው ማንም አይቃወምሽም፣ ሰው የሚቆጣው በድብቅ ሲሆን ነው። እናትሽን ደሞ ዛሬውኑ አስቁሚያቸው ለጎረቤት ማውራቱን ኪኪኪ፣ የመጀመሪያውን ጎረቤት ካስቀደምሽ ሰፈሩ ሁሉ መስኮቱን ትቶ ወደ ስልክሽ ነው የሚዞረው።

የቀበና ልጅ፦

ኧረ እናንተ ሰዎች እግዜር ይስጣችሁ፣ ይሄን ሁሉ ማንም አልነገረኝም። እማዬን ነግሬያታለሁ፣ ተኮርፌአለሁ። ግን አሁን አንድ ነገር አስፈራኝ፣ ጤና ጣቢያው ከሰፈራችን ሩቅ አይደለም፣ የማውቀው ሰው መምጣቱ አይቀርም። አንዱ መጥቶ እገሌ ምን ሆኖ ነው የታከመው፣ እጮኛዬ ምርመራ አድርጋ ነበር ወይ፣ ምናምን ብሎ ቢጠይቀኝስ? ወይ አለቃ የሚባል ሰው ቢጠይቀኝ? የዲግሪውን ነገርም ማንም አልመለሰልኝም።

ዳታ ነው ሕይወቴ፦

እኔ ኤችአይቲ ነኝ፣ የጤና መረጃ ባለሙያ ማለት ነው፣ ሁለቱንም ልመልስልሽ።

ስለ ካርዱ፦ መልሱ አጭር ነው፣ አይሆንም። "ፎልደሩን የሚያየው የሚያክመው ሰው ብቻ ነው" በይና ዝም በይ። መጥቶ ነበር አልመጣም ነበር የሚለውንም አትመልሺ፣ እሱ ራሱ መረጃ ነው፣ በተለይ ሰፈር ውስጥ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የጤና መረጃ ልዩ ጥበቃ የሚደረግለት ውስጥ ነው የተቀመጠው፣ ስለዚህ የሥነ ምግባር ጉዳይ ብቻ አይደለም አሁን። ፖሊስ ወይ ፍርድ ቤት ከሆነ ደብዳቤ ይዞ ይመጣል፣ ደብዳቤውን አንቺ አትመልሺም፣ በመዝገብ ቤት በኩል ለኃላፊ ይቀርባል፣ ሐኪሙ ነው ማስረጃውን የሚጽፈው። አለቃ የሚባለውም ሰውየውን እያከመው ካልሆነ ምን ሊያደርግለት? ለኦዲት ከሆነ በቁጥር ዝርዝር ይጠይቃል፣ በስም የአንድ ሰው አይጠይቅም። በቃል ብቻ ሲጠይቅሽ ደሞ "በጽሑፍ ያድርጉልኝ" በይው፣ አብዛኛው እዛው ያቆማል።

ስለ ዲግሪው ላታልልሽ አልፈልግም። ካርድ ክፍል በራሱ የሚያድግ መሰላል የለውም ብትይ ይሻላል። ወደኛ ወደ ኤችአይቲ ለመምጣት ሙያው ራሱን የቻለ ሥልጠና ነው፣ በቴክኒክና ሙያ ነው የሚሰጠው፣ ሲኦሲ (የብቃት ምዘና ፈተና) አለው፣ በማኔጅመንት ዲግሪ አይታለፍም። ነገር ግን ውስጥ መሆንሽ ለሌላው ይጠቅምሻል፣ የሰው ሀብት፣ ንብረት፣ እቅድና ሪፖርት የውስጥ ማስታወቂያ ሲወጣ አንቺ ቀድመሽ ነው የምታዪው፣ የሙከራ ጊዜሽ እስኪያልቅ ግን ዝም ብለሽ ሥሪ። አንድ ምክር ልስጥሽ፣ ወሩ 20 ሲደርስ እኛ ክፍል ነይ። የጤና ሪፖርት የሚዘጋው በወሩ መጨረሻ አይደለም፣ ከ21 እስከ 20 ነው የሚቆጠረው፣ እነዛን ቀናት እኛ የየክፍሉን መዝገብ ቆጥረን ዲኤችአይኤስ ቱ (ሪፖርቱ የሚገባበት ሲስተም) ላይ ለማስገባት እንደ እብድ ነው የምንሯሯጠው፣ አንድ ኤክሴል የምትችል ሰው ብትረዳን ስሟን አንረሳም። እቅድ ክፍል የሚገባ ሰው ሲፈለግ የሚጠራው እንዲህ የታየ ሰው ነው። እንደዛ የወጣች አውቃለሁ፣ አሁን እኔን ሪፖርት የምትጠይቀኝ እሷ ናት።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦

ከአሜሪካ ነኝ፣ ሆስፒታል ሬጅስትሬሽን ላይ ነው የምሠራው፣ ያው ካርድ ክፍል ማለት ነው፣ ፎልደር የለም እንጂ ጭቅጭቁ አንድ ነው። እዚህ ሁለት ነገር ሳትጠይቂ አትንቀሳቀሺም፣ ሙሉ ስም እና የትውልድ ቀን። ሐበሻ ሲመጣ ግን ሁለቱም ይወድቃሉ ሃሃ። ስንቱ ሐበሻ ነው ጃንዋሪ 1 የተወለደው መሰላችሁ? ትክክለኛ ቀኑን ስለማያውቅ ወረቀት ሲሞላ እንደዛ ተሞልቶለት ነው፣ እና ጃንዋሪ 1 የተወለዱ ሁለት ተስፋዬ በቀለዎች አንድ ከተማ ውስጥ ሲኖሩ አስቡት። ፈረንጆቹ ደሞ ሚስት ባሏን ልታስታምም ስትመጣ የአባት ስማችሁ ለምን ይለያያል ይላሉ፣ ልጁ የአባቱን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ሲይዝ አባትየው ደሞ የራሱን አባት ስም ይዟል፣ ሶስቱም ሶስት ቤተሰብ ይመስላሉ። ፀሐይን አንዱ በቲ ጀምሮ ሌላው በኤስ ጀምሮ ያስገባትና ኮምፒውተሩ ሁለት ሰው ያደርጋታል፣ ስለዚህ ኮምፒውተር ሲመጣ ይቀላል የሚሉሽን አትመኚ፣ ያ የኃና የሀ ጣጣ በላቲን ሲጻፍ ይብሳል እንጂ አይቀንስም። እዚህ የሰው ፋይል ያለ ሥራ ከከፈትሽ ሲስተሙ ስምሽን ይመዘግባል፣ ጎረቤቷን አየት አድርጋ በነጋታው የተባረረች አይቻለሁ። እዛም ወረቀቱ ወደ ሲስተም በገባበት ቦታ ያው ነው፣ ፓስዎርድሽን ለማንም አትስጪ፣ ለቅርብ ጓደኛም ቢሆን።

ኦፒዲ ነኝ፦

ያ የፓስዎርድ ነገር! እኛ ጋ አንድ ፓስዎርድ ነው ሞኒተሩ ላይ በፕላስተር የተለጠፈው።

ዳታ ነው ሕይወቴ፦

አትንገሪኝ። ዛሬ ደስ ብሎኝ ነበር።

የቀበና ልጅ፦

እሺ ሌላ ትንሽ ጥያቄ፣ አቧራው እንዴት ነው? ሳይነስ አለብኝ።

የሼልፍ ጠባቂ፦

አቧራ አለ፣ በተለይ የድሮዎቹን ከታችኛው ሼልፍ ስታወጪ። ማስክ ሳታደርጊ አትግቢ፣ ጋወን እንዲሰጡሽ ጠይቂ፣ ካልሰጡሽ ጠቆር ያለ ልብስ ልበሺ። ረጅም ጥፍርና ከፍ ያለ ጫማ ካለሽ ተሰናበቻቸው። መሰላሉ የሚወዛወዝ ከሆነ ጥበቃውን ይዘህ ቁምልኝ በይው፣ አትፈሪ።

አዲስ ገቢ፦

ይቅርታ ከርዕሱ ልውጣና፣ የካርድ ክፍል ሰዎች ካገኘኋችሁ አይቀር፣ እናቴ አንድ ሆስፒታል የዓይን ክትትል ነበራት፣ ካርዷ ጠፋ፣ ቁጥሩን አናውቀውም፣ ብንሄድ አዲስ ያወጡብናል ብለን ፈርተን ቁጭ ብለናል። ምን ይሻለናል?

የሼልፍ ጠባቂ፦

ኧረ ሂዱ፣ ለዚህ ብላችሁ ክትትል አታቋርጡ። ከመሄዳችሁ በፊት ግን ቤት ውስጥ ያለውን ወረቀት ሁሉ ፈትሹ፣ የድሮ የመድኃኒት ማዘዣ፣ የላብራቶሪ ወረቀት፣ የከፈላችሁበት ደረሰኝ፣ የቀጠሮ ወረቀት፣ አንዱ ላይ የካርድ ቁጥር ይኖራል፣ ብዙ ጊዜ ከላይ ጥግ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈች ቁጥር ናት። ምንም ከሌለ ስሟን ከነአያት፣ መጀመሪያ የሄደችበትን ዓመት በግምት፣ እና ያኔ የትኛው ስልክ እንደተመዘገበ ይዛችሁ ሂዱ፣ የድሮ ስልኳ ቢሆንም። ሰኞ አትሂዱ፣ ጠዋትም አትሂዱ፣ ረቡዕ ወይ ሐሙስ ከሰዓት 9 ሰዓት ገደማ ሂዱና "አሮጌ ናት፣ ቁጥር ጠፍቶብን ነው፣ እንጠብቃለን" በሏቸው። እንጠብቃለን ያለ ሰው ይፈለግለታል።

አዲስ ገቢ፦

ደረሰኝ አለ መሰለኝ፣ ኩመዲኖው ውስጥ። ልይ ቆይ።